ዐይኑ እንደተገለጠ

ያምሮት በመጣች በመጀመሪያው ቀን የሆስፒታሉ ዘበኛ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት በከዘራቸው አሳዩዋት። በሁለተኛውም ቀን አሳዩዋት። በሦስተኛው ቀን፣ «ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ መስኮቱ የት እንዳለማ አውቃለሁ። የኔ ሥራ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ደሙ ያለበት» ብትላቸው፣ ከእግሯ እስከ ራሷ አስተውለው ሲያበቁ፣ «ፋርማሲስትም ክኒን ሲሰለቸው ደም ያምረዋል ለካ» ብለው በሩን ለቀቁላት።

በእሳቸው መፍረድ አይቻልም። ያምሮት የምትማረውን ትምህርት የሚያስተምሯትም ቢሆኑ ገና በቅጡ አልለመዱትም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፋርማሲስትን ከመስኮት ጀርባ አውጥቶ የድንገተኛ ሕመምተኛ ራስጌ የሚያቆም አዲስ ስፔሻሊቲ ከፍቷል፤ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ልኩን የሚናገር፣ መርዙን ከነማርከሻው የሚያውቅ፣ ሐኪሙ ሲጣደፍ «ቆይ» የሚል ሰው ለማውጣት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሦስት ወር ገጠር መሥራት ግዴታ ስለሆነ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ሟች ነጋዴ መታሰቢያ ትሁነኝ ብሎ ወዳሠራት፣ አርባ አልጋ ወዳላት ሆስፒታል ላኳት። መራዊ ላይ እህል የሚነግዱት አባቷ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ ሱቁን መቼ ትከፍቻለሽ?»

ሱቅ የሚያስመኝ ሀገር አልነበረም። ሰዉ ደግ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲጨዋወት ማር ነው። ሲጣላ ግን ለሐኪም ሳያስተርፍ ነው የሚጣላው። በሰባት ሳምንት ውስጥ በሠርግ ላይ የተተኮሰ የደስታ ጥይት መንጋጋውን ይዞበት የሄደ ሚዜ አይታለች፤ ሰውየው ፊቱ በነጠላ ታስሮ፣ ሙሽራው እንዳይሰማ በእጁ ምልክት ይለምን ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማጭድ ተራ በተራ ተከታክተው መጥተው፣ አልጋ ስለጠፋ ራስና እግር ሆነው በአንድ አልጋ ሲሰፉ መርፌ አቀብላለች። ማርከሻ የሌለው መርዝ የጠጣች ልጅ ደግሞ እጇን ጨብጣ ይዛ፣ «ማርከሻውን አመጣሽልኝ?» ስትላት፣ «እየመጣ ነው» እያለች አውላታለች።

ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን ደሙን ሳይሆን የሥልጠና መዝገቧን ነበር። የወለቀ አጥንት ሲመለስ ወይም ጥልቅ ቁስል ሲነካካ ሕመምተኛውን ለሩብ ሰዓት የሚያደነዝዝ ኬታሚን የሚባል መድኃኒት አለ። ያምሮት ይህንን ሃያ ጊዜ ልኩን ቀምራ፣ ሰጥታ፣ ራስጌው ቆማ መመዝገብ አለባት። ሃያው ካልሞላ መምህሯ አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ዓመቱን ትደግማለች። መዝገቡ ኪሎውን ይጠይቃል፣ ልኩን ይጠይቃል፣ ትንፋሹን፣ የነቃበትን ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለች ዓምድ አለች፦ «ለአስታማሚ ተገልጿል»።

ይቺን የመጨረሻዋን ያምሮት አስቀድማ ነበር ራይት የምታደርጋት። ዘዴውን ያሳየቻት ሲስተር ሸጋዬ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ የኖረች፣ ቁስል እየሰፋች ስልክ የምታወራ ሴት። «ኋላ እጅሽ በደም ተጨማልቆ እስክርቢቶ አትይዢም» አለቻት። «ደግሞስ ለገበሬ ምን ብለሽ ልትገልጪለት ነው? ‹ይሻለዋል› በይና እለፊ።»

አሥራ ስምንት ጊዜ «ይሻለዋል» ብላ አለፈች። ምንም አልሆነም።

አሥራ ዘጠነኛው ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ያቆሰለውም ሰው የመጣው በዚያው አይሱዙ ነው። ጠብ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ መኪና ግን አንድ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ባለብልሃት ስለሆነ አንዱን ባላጋራ ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አስቀምጦ መሐላቸው አሥራ ስድስት ጆንያ ሽንኩርት ደርድሮባቸዋል። በመንገድ ላይ ሽንኩርቱን የተሻገረው ስድብ ብቻ ነው።

ነገሩ የውሃ ተራ ነው። ባንተአምላክና ገነነ ከቡሬ መለስ ባለች ቀበሌ ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ገነነ የባንተአምላክን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣ አበ ልጁም ነው። ቅዳሜ ጧት ተራው የባንተአምላክ ነበር። ማልዶ ሲወርድ ቦዩ ተሰብሮ ውሃው የገነነን ሽንኩርት ሲያጠጣ አገኘው። ጭቃ ረግጦ ደፈነው። ገነነ በአካፋ ከፈተው። ደግሞ ደፈነው፤ ደግሞ ከፈተው። በሦስተኛው የባንተአምላክ ዱላ የገነነን ግንባር ከጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ተረተረው፤ ደሙ በቦዩ ወርዶ የማንንም ተራ ሳይጠብቅ ሁለቱንም ማሳ አጠጣ። ገነነ ዐይኑ በደም እንደተጋረደ አካፋውን በጀርባው ሲሰነዝር የባንተአምላክን ትከሻ አገኘው። ክንዱ ከመጋጠሚያው ወልቆ እንደተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠለጠለ።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ በር ላይ ከባንተአምላክ ታላቅ ወንድም ክላሽ ተቀበሉ። ጡረታ የወጡ ወታደር ስለሆኑ የመሣሪያ አያያዝ ያውቃሉ፤ የቁስል ፕላስተር ቀድደው ስም ይጽፉበትና ሰደፉ ላይ ለጥፈው ጥበቃ ቤቱ ጥግ ያቆሙታል።

«ስም?»

«ደሞዝ።»

«የወር ነው የዓመት?»

«እረ አባቴ፣ የሚያስቅ ቀን አይደለም።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ጻፉ።

ድንገተኛ ክፍሉ አንድ ክፍል ነው፤ ለሁለት የሚከፍለው አረንጓዴ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሲስተር ሸጋዬ የገነነን ግንባር ትሰፋለች፤ ሚስቱ እሌኒ እጁን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ከመጋረጃው ወዲህ ባንተአምላክ ተጋድሟል፤ እናቱ እማማ ንግሥቴና ወንድሙ ደሞዝ ራስጌና ግርጌ ቆመዋል። ዶክተር እንድሪያስ ትከሻውን ዳስሶ፣ «አሁኑኑ ካልመለስነው ክንዱ ይሞታል» አለ።

«ስንት ኪሎ ትሆናለህ?» አለችው ያምሮት።

«በሬ መሰልኩሽ እንዴ?» አለ ባንተአምላክ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«መድኃኒቱ የሚለካው በኪሎ ስለሆነ ነው።»

ደሞዝ ወንድሙን ጆንያ እንደሚገምት ሰው አየው። «ስድሳ በይው እታለም። ሲናደድ ሰባ ይሞላል።»

ከመጋረጃው ወዲያ የገነነ ድምፅ መጣ፦ «ስድሳ ጻፊለት፤ ሃያው ምላስ ነው!»

«አንተ የሰው ተራ የምትጠጣ!» ባንተአምላክ ከአልጋው ሊነሣ ሲል ክንዱ ጎተተውና አጓራ። ደሞዝ ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ተራመደ። ዶክተር እንድሪያስ ደረቱን በመዳፉ አቁሞት፣ «በዚህ በኩል ያለ አስታማሚ ሁሉ ውጭ! እናቴም ይውጡ» አለ።

እማማ ንግሥቴ ሲወጡ ያምሮትን ክንዷን ያዙዋት። «ልጄ፣ ምን ልትሰጪው ነው?»

ያምሮት በአንድ እጇ መርፌ፣ በአንድ እጇ መዝገብ ይዛ ነበር። ክንዱ ይሞታል ተብሏል፤ ከገባ አሥረኛው ደቂቃ እያለፈ ነው። «ይሻለዋል እማማ» አለችና በመዝገቡ መጨረሻ ዓምድ ላይ ራይት አደረገች።

ሥራዋን በሥርዓቱ ሠራች፤ በኋላም በዚህ ማንም አላማትም። ስድሳ ኪሎ ብላ ስድሳ ሚሊግራም ቀዳች። በውሃ አቅጥና ቀስ ብላ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ እየቆጠረች ሰጠችው። የባንተአምላክ ፊት ፈታ አለ። ሊሳደብ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ዐይኑም እንደተገለጠ ቀረ። ይህ መድኃኒት ሰውን ሲያደነዝዝ ዐይኑን አይከድንም። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፤ ግን ጣሪያውን አፍጥጦ ያያል፣ አይርገበገብም፣ ምራቁ በአፉ ጥግ ይወርዳል። ያምሮት አሥራ ስምንት ጊዜ ስላየችው መገረም ትታለች።

ዶክተር እንድሪያስ ጫማውን አወለቀ። ካልሲ ያጠለቀ እግሩን ከባንተአምላክ ብብት ሥር ደገፈና ክንዱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ግንድ ይጎትት ጀመር።

የክፍሉ በር መያዣው ከተሰበረ ሰንብቷል፤ ገርበብ እንዳለ ነው የሚውለው። እማማ ንግሥቴ በዚያች ስንጥቅ አዩ። ልጃቸው ዐይኑን አፍጥጦ ተጋድሟል። አረፋ ደፍቋል። አንድ ጎረምሳ እግሩን ብብቱ ውስጥ ከቶ ክንዱን ሊነቅለው ይጎትታል፤ ልጁ ግን አይጮኽም። አጥንቱ «ቋ» ብሎ ሲገባ ሲሰሙም አልጮኸም። ቅድም ሲነኩት ያጓራ የነበረ ሰው እንዲህ እየተደረገ ዝም ካለ፣ ለምን ዝም እንዳለ ለመረዳት ፋርማሲስት መሆን አያስፈልግም።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ባንቴ! በሉብኝ!»

ጩኸታቸው ግቢውን ሞላው። ደረታቸውን እየደቁ በርከክ አሉ። ደሞዝ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ አንድ ጊዜ አየ። ዞሮ ወደ በሩ ሮጠ።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዋይታውን ሰምተው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ደሞዝ እንባ በእንባ ሆኖ ሲመጣ ሳይለምናቸው ክላሹን አንሥተው ፕላስተሩን ላጡለት። በእሳቸው ሀገር ወንድ ልጅ ሲሞት ወንድሙ ጥይት ይተኩስለታል፤ ሳይተኮስለት የሚሄድ ሬሳ የድሀ አደግ ነው። ሐዘንተኛን መሣሪያውን መከልከል ነውር መሰላቸው።

«እግዜር ያጥናህ» አሉት። «ወደ ላይ አድርገህ ታዲያ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።»

ያምሮት ዋይታውን ስትሰማ የባንተአምላክን አገጭ ደግፋ ትንፋሹን እየቆጠረች ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ሕመምተኛው እስኪነቃ ከራስጌው አይለይም። «አልሞተም! እማማ፣ አልሞተም እኮ!» ብላ ጮኸች። የእናትየው ድምፅ ዋጠው። ቀና ስትል በመስኮቱ ደሞዝን አየችው፤ ከጥበቃ ቤቱ ወጥቷል፣ ክላሹ በእጁ ነው፣ አፈሙዙም ወደ ላይ አላየም።

ጠባቧ ዓምድ ትዝ ያለቻት ያን ጊዜ ነው።

«ዶክተር፣ አገጩን ያዝልኝ!» አለችና ወጣች።

ኮሪደሩ መካከል ተገናኙ። ያምሮት እጆቿን ዘርግታ ቆመች። «ወንድሜ፣ ስማኝ። አልሞተም። ተኝቶ ነው!»

«ዐይኑን ገልጦ የሚተኛ ጥንቸል ነው» አለ ደሞዝ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። «ሂጂ ከፊቴ።»

«የሰጠሁት መድኃኒት ነው እንደዚያ የሚያደርገው! ዐይን ገልጦ ያስተኛል። ሳልነግራችሁ… የኔ ጥፋት ነው። ና፣ ደረቱን በእጅህ ዳስሰው፤ ይመታል። ካልመታ እኔን ግደለኝ።»

ቆመ። ጣቱ ከቃታው ላይ ለቀቅ አለ። «በማን ትምያለሽ?»

«በማርያም።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን! ና።»

ሦስት እርምጃ ተከተላት። ያምሮት በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችለትና «ያውልህ፣ ደረቱን እየው» አለች።

ሲስተር ሸጋዬ ዋይታውን ሰምታ የገነነን ስፌት ጀምራ ትታ፣ መርፌውን ከነክሩ ግንባሩ ላይ አንጠልጥላ መጋረጃውን ገልጣ መጥታ ነበር። እናትየው የሚጮኹት ዐይኑ ስለተገለጠ መሆኑ ወዲያው ገባት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ቶሎ ማሰብ ታውቃለች። እናትየው እንዳይደነግጡ ብላ መዳፏን በባንተአምላክ ፊት ላይ አሳለፈችና ዐይኖቹን ከደነቻቸው።

ደሞዝ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ይህን ነው። የሰውን ዐይን በመዳፍ የሚከድኑት መቼ እንደሆነ ደግሞ ማንም ሊያስረዳው አይችልም።

«በማርያም ማልሽ» አለ ለያምሮት፣ እንዳዘነላት ሁሉ። ሰደፉን ሰንዝሮ አፏ ላይ መታት።

ሁለት ጥርሷ ምላሷ ላይ ሲወድቅ ተሰማት። ግድግዳውን ታካ ቁልቁል ሄደች። መጋረጃው ከነብረቱ ሲወድቅ ሰማች። ገነነ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መርፌው ቅንድቡ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እጁን አነሣ። «ደሞዝ፣ አበ ልጅነታችን—» አለ።

የመጀመሪያው ጥይት የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን መታው፤ ጠርሙስ እንደ በረዶ ረገፈ። ሁለተኛው ገነነን ብሽሽቱ ላይ አገኘው፤ ከነወንበሩ ገለበጠው። ሦስተኛው ወለሉን ነድሎ የእሌኒን ነጠላ ጫፍ አቃጠለ። አራተኛው አልተተኮሰም፤ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ በሰባ ዓመታቸው ከኋላ ዘለው አንገቱን በከዘራቸው አንቀው ጣሉት። ዶክተር እንድሪያስ በካልሲው፣ በጠርሙሱ ስባሪ ላይ እየረገጠ ክላሹን በእርግጫ አሽቀነጠረው። ደሞዝን በወደቀው መጋረጃ ጠቅልለው፣ በቁስል ማሰሪያ ፋሻ እጁን የፊጥኝ አሰሩትና ከግድግዳው አስደገፉት። እየጮኸ ሳይሆን እየተነፈሰ ነበር፤ ሥራውን እንደጨረሰ አጫጅ።

ይህን ጊዜ ከአልጋው ላይ አንድ ሰው አዛጋ።

ባንተአምላክ ዐይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ትከሻውን አየ፤ ክንዱ ቦታው ገብቷል። ከዚያ እናቱን አየ፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው አፋቸውን ይዘዋል። ወንድሙን አየ፤ በአረንጓዴ መጋረጃ ተጠቅልሏል። የባሩድ ሽታ ስለሸተተው አፍንጫውን ነፋ። ምላሱ ገና ከብዶታል።

«ምነው?» አለ። «ማን ሞተ?»

ደሞዝ ከግድግዳው ሥር ቀና አለ።

«አንተ» አለው።

የገነነ ደም እንደ ቦይ ይሄድ ነበር። ብሽሽት ክፉ ቦታ ነው፤ ከላዩ ማሰር አይቻልም። ሲስተር ሸጋዬ ሁለት ጉልበቷን ጭና በጡጫዋ ብትይዘውም በጣቶቿ መካከል ይፈልቃል። ያምሮት በግድግዳው ተደግፋ ተነሣች። የአፏን ደም በክንዷ ጠረገች። ደም የሚያረጋውን መድኃኒት ከተሰባበረው ቁም ሣጥን ውስጥ ያልተሰበረ ሁለት ብልቃጥ ፈልጋ ቀዳች፣ ሰጠች፤ ያለውን አንድ ከረጢት ደም ሰቀለች። 

«የደም ሥሩን ገብቼ ካልያዝኩት ያልቅብናል» አለ ዶክተር እንድሪያስ። «አደንዝዢልኝ። አሁን።»

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ልኩ ግማሽ ነው። ያምሮት ግማሹን ቀዳችና መርፌውን እንደያዘች አልሰጠችም። እሌኒ በር ላይ ቆማለች፤ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ የባሏ ደም ነው። ይቺኛዋ አስታማሚ እንደ ቅድሟ እናት አይደለችም፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሚስት ናት።

ያምሮት ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። ስትናገር ደም ከከንፈሯ ይወርዳል፤ ቃሉ በጎደሉት ጥርሶቿ መካከል ያፏጫል።

«ስሚኝ እቴ። መድኃኒት ልሰጠው ነው። ዐይኑ ተገልጦ ይቀራል። ስትጠሪው አይመልስልሽም። የሞተ ይመስልሻል። ሲቆርጡት አይጮኽም። እንደዚያ ስታዪው ሞተ እንዳትዪ። ቅድም ያኛውም እንዲያ ነበር፤ ያውልሽ ተነሥቷል።»

እሌኒ አንገቷን ነቀነቀች። «ለስንት ሰዓት ነው እንዲያ የሚሆን?»

«ለሩብ ሰዓት።»

እሌኒ ከደረቷ ሥር ትንሽ ስልክ አወጣች። ሰዓቱን አየችና፣ «ገባኝ» አለች። «አልጮህም።»

ያምሮት ተመልሳ ሰጠችው። ቀስ ብላ፣ እየቆጠረች። የገነነ ዐይን ተገልጦ ቀረ። ዶክተር እንድሪያስ ቁስሉን ከፍቶ ገባ። ያምሮት ራስጌው ቆማ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ አንድ እጇ አንገቱ ላይ ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ የልቡ ምት ከጣቷ ሥር መሳሳት ጀመረ። ዘጠነኛው ላይ እየፈለገችው ነበር። ደረቱን ጫኑት፤ ሲጫኑት የሚወጣ ደም እንኳ አልቀረም። ዶክተር እንድሪያስ እጁን ከውስጥ ሲያወጣ እስከ ክርኑ ቀይ ነበር።

«በቃ» አለ።

ልኩ ትክክል ነበር። ሰዓቱ ትክክል ነበር። መግለጫውም ተሰጥቷል። ሃያኛው ሞላ፤ እንደ ሥርዓቱ የተሠራውም እሱ ብቻ ነው።

ሲስተር ሸጋዬ በልማድ መዳፏን ወደ ገነነ ፊት ዘረጋች። ያምሮት እጇን ያዘቻት። «ተይው» አለቻት። «አንቺ አይደለሽም የምትከድኚው።»

ውጭ፣ ተኩሱን የሰሙ የመንገዱ ማዶ ሴቶች ግቢውን ሞልተው ነበር። አንዷ፣ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችውን እሌኒን ደም በነከረው ቀሚሷ አይታ፣ «ዋይ! ዋይ!» ብላ ስትጀምር፣ የእሌኒ ድምፅ እንደ አለንጋ ቆረጣት።

«ዝም በይ! ማን ሞተ አለሽ? ዐይኑን ገልጦ ነው የተኛው። መድኃኒቱ ነው። ሩብ ሰዓቱ ገና አልሞላም።»

«የኔ እህት፣ ያ ሁሉ ደም…»

«እውነቷን ነው» አለ አንድ ሌላ ድምፅ። ኮሪደሩ ወለል ላይ፣ ከእሌኒ አጠገብ፣ እማማ ንግሥቴ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ባሏን የተኮሰባት ሴት ጎን መቀመጣቸውን ወይ አላስተዋሉትም፣ ወይም የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ አላገኙም። «የኔም እንዲያ ነበር። አፍጥጦ፣ አረፋ ደፍቆ። እኔ ጮኼ ነው ይህ ሁሉ የመጣ። አንቺ አትጩኺ ልጄ። ይነሣል።»

ያምሮት በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰማች። ወደ ኮሪደሩ ማዶ ያወጡት ደሞዝ በፋሻ እንደታሰረ ፖሊስ ይጠብቃል፤ ባንተአምላክ ክንዱ በአንገቱ ታስሮለት አጠገቡ ተቀምጦ፣ በደህናው እጁ ለወንድሙ ውሃ ያጠጣዋል። ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት።

ሄዳ ከእሌኒ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እቴ» አለች። «ሞቷል።»

እሌኒ ረጅም ጊዜ አየቻት። ያበጠውን ከንፈሯን፣ የጎደለውን ጥርሷን። ከዚያ በጣቷ ወደ ባንተአምላክ አሳየች፤ ውሃ ወደሚያጠጣው።

«እሱንም ሞተ ብለው ነበር» አለች። ስልኩን አዙራ አሳየቻት። «አራት ደቂቃ ይቀረዋል። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

ያምሮት የምትላት ነገር ነበራት። ስለ ደሙ፣ ስለ ልቡ ምት፣ ስለ ጣቷ ልታስረዳት ትችል ነበር፤ ማስረዳት ሥራዋ ነው። ግን ዞራ ከግድግዳው ተደግፋ፣ በእሌኒና በእማማ ንግሥቴ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የአፏን ደም እየዋጠች ስልኩን ከእነሱ ጋር አየች። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ኮፍያቸውን እንደያዙ፣ ይልበሱት ወይስ ያውልቁት ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

አራተኛው ደቂቃ ሞላ። እሌኒ አምስተኛውንም ጨመረችለት። ከዚያ ስልኩን ከደረቷ ሥር ከተተች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክፍሉ ገባችና፣ የባሏን ዐይን በገዛ መዳፏ ከደነችው።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።